ሃያ ሁለቱ ቢጫ ሰደርያዎች

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017

ዛሬ አቶ ተስፋጽዮን ሱቄ ድረስ መጡ። ልጄ ሀይሚ በነርስነት የምትሠራበትን የአምቡላንስ ድርጅት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ቦሌ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ስፌት ቤቴን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠይቄያለሁ አሉ። ወንበሩ ላይ የተከመረውን የተማሪ ዩኒፎርም አንስቼ አስቀመጥኳቸው።

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ ላጲሶን ያውቁታል አይደል?»

እንዴት አላውቀውም። የሀይሚ አምቡላንስ ሾፌር ነው። ሰኔ ውስጥ፣ መገናኛ ቀለበት መንገዱ ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ከኋላ በር ቃሬዛ ሲያወርድ መኪና ገጨው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የቃሬዛውን ሌላኛውን ጫፍ የያዘችው ሀይሚ ነበረች። ያን ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ሰውየው አላየኋቸውም ነው የሚለው። እውነቱን ነው እማ፤ ሁላችንም ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ነው የለበስነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አውርታ አታውቅም።

አቶ ተስፋጽዮን ለሃያ ሁለቱም ሠራተኞች ከሩቅ የሚታይ ቢጫ ሰደርያ ይፈልጋሉ፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ያለው። ገበያ ላይ ያለው ስስ ነው፤ ጓንትና መቀስ የሚያዝበት ኪስ የለውም፤ ሴቶቹ ላይ ደግሞ እንደ ጆንያ ነው የሚሆነው። «ምን ይሻላል ስንል ልጅዎ "እናቴ ትሰፋዋለች" አለችን» አሉኝ።

እናቴ ትሰፋዋለች። ከሄዱ በኋላ ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኳት።

ርክክቡ ሐምሌ 19 ነው። እንግዳ ይጠራል። ይደርሳል ወይ አሉኝ። ይደርሳል አልኳቸው።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ሀይሚ ዛሬ ተረኛ አይደለችም። ከቅዳሴ መልስ መሀል ቤት አቁሜ ለካኋት። እጇን ዘርግታ ቆማ እያለች እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆንን። ቢጫው ለቀን ነው አለችኝ፤ ብርማው ጥብጣብ ለጨለማ። ጥብጣቡ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የመኪናውን መብራት ተቀብሎ ወደ ሾፌሩ ዓይን ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ሁለት ዙር ደረትና ወገብ ላይ፣ ሁለት ደግሞ ከትከሻ ወደ ታች።

«አራቱም የግድ ነው?» አልኳት።

«ሾፌሩ ከሩቅ ሲያየን ሰው መሆናችንን ማወቅ አለበት። አንድ መስመር ብቻ ካየ በርሜል ነው ብሎ ያስባል።»

በጎኑና በትከሻው በኩል ሲጎተት የሚላቀቅ ተለጣፊ ማያያዣ ይሁን አለች። የሚያልፍ መኪና ስፖኪዮ ቢይዘው ሰደርያው ተላቅቆ ይሂድ፤ ሰውየው ግን ይቅር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፋሁት እንዳይላቀቅ ነው። እንዲላቀቅ ብዬ ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው።

ስታወራ እያየኋት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር መቼ አወቀች? አባቷ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያኔ ጨለማ ፈርታ ከእኔ ጋር ነበር የምትተኛው። አሁን ሰው ሲሞት ሲድን የምታየው እሷ ናት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

መርካቶ። ጭቃ። ቢጫው ጨርቅ ተገኘ፤ ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ዓይን ይወጋል። ጥብጣቡን ሚስባህ ጋ ወሰድኩ፤ ዚፕና ቁልፍ ከእሱ መውሰድ ከጀመርኩ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሁለት ዓይነት አለ አለኝ። አንዱ እጁ ላይ ነበር፤ ሌላው ዐሥር ቀን ያስጠብቃል። ለመንገድ ከሆነ ጠብቂ ምናምን አለኝ። ሚስባህ ወሬ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ዐሥር ቀን ብጠብቅ ርክክቡ አለፈ ማለት ነው። እጁ ላይ ያለውን አስቆርጬ መጣሁ። ያው ነው። አምፖል ሥር ብር ይመስላል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

መብራት ጠፋ። ግማሽ ቀን። በእግር በምትሠራው አሮጌዋ መኪና ሰፋሁ። አራት አለቀ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ዘጠኝ። ትግስት ስድስት ዓመት አብራኝ ስትሰፋ እንደዛሬ ስታጉረመርም አላየኋትም። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ጣቴ ላይ ይቀራል» ብላ አሳየችኝ። ብርማ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ታጠቢው አልኳት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ዐሥራ ስምንት። ወገቤ! አንዱ ላይ የትከሻው መስመር በግማሽ ጣት ተንሻፎ አገኘሁትና ፈታሁት። ትግስት «ማን ያየዋል እትዬ» አለችኝ። እኔ አየዋለሁ። ስፌቴ የታወቀው በዚህ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ሲጥል የነበረው ዝናብ ሦስት ሰዓት ላይ አባራ። የድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሮ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ አምስቱም አምቡላንሶች ታጥበው ቆመዋል። እኔ ከኋላ ልቀመጥ ስል ከፊት አስቀመጡኝ። አቶ ተስፋጽዮን ማይክ ይዘው ስለ ላጲሶ ከተናገሩ በኋላ፣ «እነዚህን የሰፉልን የሀይሚ እናት ናቸው፤ እዚህ አሉ» ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይነሱ አሉኝ። ስነሳ ነጠላዬ ወንበሩ ላይ ተይዞ ቀረ። ሲያጨበጭቡልኝ እሱን እየጎተትኩ ነበር።

ሃያ ሁለቱም ለብሰው በሁለት ረድፍ ሲቆሙ ግቢው በራ። ሴቶቹ ላይ ልክክ ብሏል። ኪሱ፣ ትከሻው፣ መስመሩ ሁሉ ቦታ ቦታው ላይ። አንገቱ ሥር በውስጥ በኩል «ብርነሽ ስፌት» የምትል ትንሽ ጨርቅ ሰፍቼበታለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ላጲሶን ያለበስኩት ራሴ ነኝ። በክራንቹ ተደግፎ ትከሻውን ሰጠኝ። «ማዘር፣ ከእንግዲህ አላየሁህም የሚለኝ የለም» አለና ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ሀይሚ አልሳቀችም፤ ወደ እኔ ነበር የምታየው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ዛሬ የሆነውን ማንም አይወስድብኝም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ዩኒፎርም ዩኒፎርም። የክረምቱ ትእዛዝ ጀምሯል። ዛሬ ወሎ ሰፈር ሄጄ ስመለስ አንድ አምቡላንስ ቆሞ ሁለት ልጆች ከጋራዡ ፊት አንድ ሽማግሌ ሲያነሱ አየሁ። ቢጫ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እስኪጨርሱ አየኋቸው። ዝናብ እያለፈብኝ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

የሀይሚን ሰደርያ አጠብኩ። ሦስተኛ እጥበቱ ነው አለች። ውሃው ግራጫ ሆነ። ክረምት ነው፣ የመንገድ ጭቃ ነው።

አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ገብረእዝጊ ታክሲውን ወደ ግቢ ሲያስገባ መብራቱ የልብስ ገመዱ ላይ ዞረ። እዚያ የተሰጣው የልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ ጣት የምታህል መስመር አለች፤ እሷ ቦግ አለች። ሰደርያው ቦግ አላለም። እርጥብ ስለሆነ ይሆናል። መብራቱም በደንብ አላረፈበትም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ደርቋል። ልሞክረው አስቤ ነበር፤ ሥራ በዛብኝ። ሀይሚ ለብሳው ሄደች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ከሰዓት ላጲሶ መጣ። እግሩ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ የሱሪውን አንድ እግር ሰፋ ያድርጉልኝ ብሎ ነው። አሁን ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ይቀበላል። ሀይሚም ከሥራ መጥታ እዚያው ነበረች። ክር ልገዛ ማዶ ሱቅ ተሻግሬ ስመለስ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይደበድባል፤ ስለዚህ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ መመለሴን አልሰሙም። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ትናንት ማታ በታክሲ ወደ ቢሮ ስመጣ የግቢው በር ላይ ቆማችሁ ነበር» ይላል ላጲሶ። «የታክሲው መብራት ላያችሁ ላይ አርፏል። ጥብጣቡን ብትዪ፣ ምኑንም አላየሁም። በድምፅሽ ነው የለየሁሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለእትዬ ብርነሽ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ላጲሶ፣ ተወኝ። ያን ቀን እንዴት እንደነበረች አላየህም? አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።»

«መኪና ይሄን አያውቅልሽም።»

«እጠነቀቃለሁ አልኩህ እኮ።»

አሳልኩና ገባሁ። ክር ውድ ሆነ አልኳቸው። ሱሪውን በደንብ ሰፋሁለት፤ ከጉልበቱ እስከ ታች ከፍቼ ሌላ ጨርቅ አስገባሁበት። መርቆኝ ሄደ።

እጠነቀቃለሁ አለች። እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ልጄ መኪና መሀል እየተጠነቀቀች ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ገብረእዝጊን ለመንኩት። «መንገዱ ጫፍ ድረስ ሂድና መብራትህን አብርተህ ቀስ ብለህ ወደ እኔ ና። እኔ አጥሩ ጋ እቆማለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው ብርነሽ?»

«ዝም ብለህ ና።»

የሀይሚን ሰደርያ ለበስኩ። መጣ። አጠገቤ እስኪደርስ አልቆመም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «የት ነበርሽ? እኔ እኮ አጥሩ ነው ብዬ» አለኝ። ከዚያ ከስፌቱ የተረፈኝን ያልታጠበ የጥብጣብ ቁራጭ ደረቴ ላይ ይዤ እንደገና አስመጣሁት። «ትንሽ፣ ትንሽ ነገር አለ» አለ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የልጁን ቦርሳ አንጠልጥዬ ቆምኩ። ገና ከመንገዱ ጫፍ ሆኖ ጥሩምባ ነፋ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልጻፍኩትምና። ሚስባህ ነግሮኛል። ምናምን አይደለም ያለው። «ይሄ ለቦርሳና ለጫማ ጌጥ ነው፣ መብራት አይመልስም፣ ሲታጠብ ይለቃል። ለመንገድ ከሆነ ጠብቂ» ነው ያለኝ። ቃል በቃል። ሰምቼዋለሁ። ለሐምሌ 19ኙ ርክክብ ብዬ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ትግስትም ጣቷን አሳይታኝ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ሰደርያሽን ማታ አጥቤዋለሁ፣ አልደረቀም አልኳት። ሳትለብስ ሄደች፤ በዚያ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። «ኪሱን ላጠንክረው» ብዬ አራት አራት እያስመጣሁ ጥብጣቡን በዝምታ ልቀይረው እችላለሁ። ማንም አያውቅም። ስሜም እንዳለ ይኖራል። አንድ ወር ይፈጃል። አንድ ወር ሙሉ አሥራ ምናምን ሰው እየተጠነቀቀ ይኑር ማለት ነው።

ፍልሰታ ነው። ለኪዳን ገብቼ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተረኞች ሲቀያየሩ ሁለቱም ቡድን ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሀይሚ የሌሊት ተረኛ ነበረች፤ ስገባ ስታየኝ ደነገጠች። አቶ ተስፋጽዮን ቢሮ ይግቡ አሉኝ።

«እዚሁ ይሻላል» አልኳቸው። «የሰፋሁላችሁ ሰደርያ በጨለማ አይታይም። ጥብጣቡ የመንገድ አይደለም። የሸጠልኝ ሰው አይሆንም ብሎኝ ነበር፤ ለርክክቡ ልድረስ ብዬ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ዛሬ ሁሉንም ሰብስቤ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

አንዱ አምቡላንስ ሞተሩ በርቶ ነበር፤ ሾፌሩ አጠፋው።

አቶ ተስፋጽዮን ቀረብ ብለው፣ «ወይዘሮ ብርነሽ፣ ይሄን እኮ ለእኔ ብቻ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የሚለብሱት እነሱ ናቸው።»

ፊታቸው ጠቆረ። ልክ ናቸው፤ እንግዳ ጠርተው ያስጨበጨቡልኝ እሳቸው ናቸው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ!» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እነዚህን ልጆች ትታያላችሁ እያልኩ መንገድ ላይ ሰድጃለሁ።» ሌላ ስፌት ቤት ውሰዱት ቢሉኝ ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ላጲሶ ነው። በክራንቹ እያነከሰ መጥቶ ወንበር ላይ የሰቀለውን ሰደርያ አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «እኔን የገጨኝ ሰውዬ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ይቅርታ አላለኝም» አለ። «እርስዎ ማንም ሳይገጭ መጡ። መልሰው የሚሰፉልን እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ አንድ በአንድ እያወለቁ ሰጡኝ። የመጨረሻው የሀይሚ መሆን ነበረበት፤ የሷ ግን ቤት ነበር፣ ገመድ ላይ።

አቶ ተስፋጽዮን እስከዚያ ከአንድ መንገድ ሠሪ ድርጅት ተውሰው እናለብሳቸዋለን አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በር ድረስ ግን ሸኙኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ትናንት ከግቢው ስንወጣ ሀይሚ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም። ጥቅሉን ግን አላሸከመችኝም፤ ራሷ ያዘችው። በር ዘግተን ስንገባ፣

«ለምን ሰው ፊት?» አለች። «ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርሽኝም? እንዴት እንዳዩሽ እኮ አየሁ!»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ከላጲሶ ጋር ስታወሩ ሰምቻለሁ።»

ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አውቀሽ ለብሰሽ ወጣሽ» አልኳት። «እየዘነበ። መኪና መሀል።»

«አንቺ የሰፋሽውን አላወልቅም ብዬ ነዋ!»

«ሀይሚ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ ምን ልሆን ነበር? ስፌቴ ጥሩ ነው እያልኩ ልኖር ነበር?»

ተቀመጠች። ካለቀሰች በኋላ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። ላጲሶ የተገጨ ቀን መኪናው ሲመጣ እሷ አይታዋለች፤ ልትጮህ አፏን ከፍታ ድምፅዋ አልወጣም። «ቃሬዛውን ለቅቄ ወደ ኋላ ዘለልኩ እማ። እሱ ብቻ ቀረ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስትወርድ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ግን ትወርዳለች። አንድም ቀን ሥራ ቀርታ አታውቅም።

እኔ ሰደርያ ሰፋሁ ብዬ ስኩራራ ሁለት ወር ሙሉ ይሄን በሆዷ ይዛ አብራኝ የበላች ልጅ ናት።

ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም። ጭንቅላቷን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ዘለልሽ፣ እንኳን ዘለልሽ አልኳት መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ሚስባህ። ነግሬሽ ነበር አላለኝም። ስነግረው ራሱን ብቻ ነቀነቀና ወንበር ሳበልኝ። «ስትቸኩይ አየሁሽ፤ እኔም ጨክኜ መያዝ ነበረብኝ፣ መሸጥ አልነበረብኝም» አለ። ሌላ ነጋዴ ጋ የቀረውን ጥቂት ክንድ ትክክለኛ ጥብጣብ ስልክ ደውሎ እስኪያስመጣ ጠበቅኩ፤ ሙሉ ጥቅል ግን አሁንም ቀናት ያስጠብቃል። ሳይቆረጥ ልሞክረው አልኩት። ወደ ጓዳው ጨለማ ወሰደኝ፤ የስልኬን መብራት ከዓይኔ አጠገብ አድርጌ ስይዘው ጥብጣቡ ፊቴ ላይ ነጭ ሆኖ ፈነዳ። ሁለታችንም ጮህን።

አንድ ክንድ ብቻ ይዤ መጣሁ። መጀመሪያ እጥበት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ሰባት ጊዜ አጠብኩት። በሳሙና፣ በብሩሽ። ውሃው ንጹሕ ነው። ገብረእዝጊ በመብራት መጣበት፤ ከመንገዱ ጫፍ ጥሩምባ ነፋ።

ፍልሰታ ተፈታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ሙሉው ጥቅል መጣ። መፍታት፣ መፍታት፣ መፍታት። የራስን ስፌት መፍታት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ! አጠንክሬ ነበር የሰፋሁት። ላጲሶ ከቢሮ ሲወጣ በየቀኑ ይመጣል። ጀሶውን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ በምላጭ ክሩን እየበጠሰ አሮጌውን ጥብጣብ ይነቅላል። እጁ ለዚህ ሥራ ትልቅ ነው፤ ግን አንድ ጨርቅ አልቀደደም። ሆሳዕና ስላሉት እናቱ እያወራ ትግስትን ያስቃታል። ትግስት ለምን ሊፒስቲክ እንደጀመረች አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ዐሥራ ሦስት። መብራት ጠፋ፤ በእግር መኪናዋ። አንዱን እንኳ በችኮላ አልሰፋሁም። እያንዳንዱን ከመርፌ በፊትም ከመርፌ በኋላም በስልክ መብራት አየዋለሁ። ትግስት አሁን እኔን ሳትጠይቅ ራሷ ትሞክራለች፤ አንዱን «ይሄ ጫፉ ደክሟል» ብላ መለሰችብኝ። አየሁት። እውነቷን ነው። ቀየርነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

አስረከብኩ። ሸራ የለም፣ ማይክ የለም። አመሻሹን ሆን ብዬ መረጥኩ። ሃያ ሁለቱን ግቢው መጨረሻ አጥሩ ሥር አቆምኳቸው፤ አቶ ተስፋጽዮንን አንዱ አምቡላንስ ውስጥ አስገብቼ ከዋናው በር ሆነው መብራት እንዲያበሩ ነገርኳቸው።

አበሩ። ከዚያ ቶሎ አልወረዱም። ሄጄ መስኮቱ ጋ ስቆም ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው፤ ወደ ፊት ያያሉ። አጥሩ ሥር ሰው ብቻ ነበር የሚታየው፤ ሃያ ሁለት ሰው፣ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል።

«ቆጠርኳቸው» አሉኝ። «ሁሉም አሉ።»

ከዚያ ወርደው እጄን ጨበጡኝና፣ «ከእንግዲህ ማንኛውም ዕቃ ሲገባልን እርስዎ ሳይሞክሩት አንረከብም» አሉ። በሐምሌ ከተጨበጨበልኝ ይሄ ይበልጥብኛል። እንዲህ ብዬ መጻፌ ትዕቢት ከሆነ ይሁን።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ዩኒፎርም ለደንበኛ አድርሼ ከመገናኛ ስመለስ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ዶፍ ነው። የቦሌ ሚካኤል ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ገባሁ። መስታወቱ በላብ ተሸፍኖ ሾፌሩ በጨርቅ እየጠረገ ነው የሚነዳው። ቴፑ ይጮኻል። ኢምፔሪያል ሆቴልን አለፍ እንዳልን ድንገት እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

«ሰው አለ» አለ።

እኔ ገና ምንም አላየሁም ነበር። ከዚያ አየሁ። ዝናቡ ውስጥ ነጭ መስመሮች፤ ሁለት ዙር፣ ሁለት ከትከሻ። አንዱ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ አንዱ ተንበርክኳል። መንገዱ አይታይም። አምቡላንሱ ከቆመ የጭነት መኪና ማዶ ተከልሎ እሱም አይታይም። እነሱ ግን ሰው መሆናቸው ይታያል።

ሾፌሩ ፍሬቻ አብርቶ ወደ ግራ ወጣ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከኋላ ለሚመጡት «ቀስ! ቀስ በሉ፣ ሰው አለ!» እያለ ጮኸ። ከኋላችን ያሉት ሁሉ ዝግ አሉ።

በአጠገባቸው ስናልፍ የተንበረከከችው ሀይሚ ናት። አንድ ሞተረኛ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። አንገቱን በሁለት እጇ ደግፋ፣ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ የሆነ ነገር ትነግረዋለች። ዝናቡ ጀርባዋ ላይ ይወርዳል። መኪናው ሁሉ በጎኗ ሲያልፍ ቀና ብላ አላየችም። እጇ አይንቀጠቀጥም። ወራጅ አለ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ወርጄ ምን ልሠራ ነው? ሥራ ላይ ናት።

«እግዜር ይስጣቸው» አለ ሾፌሩ። «ያ ልብስ ባይኖር ኖሮ ወጥቼባቸው ነበር።»

እኔ ነኝ የሰፋሁት ልለው እችል ነበር። ድሮ ቢሆን ከመገናኛ ጀምሬ ሰፈሬ እስክደርስ አወራለት ነበር።

«የተንበረከከችው ልጄ ናት» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ቴፑን አጠፋና እስክንደርስ ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ። ሂሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለ።

ሀይሚ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባች፤ እስከ ካልሲዋ ርሳለች። «ዛሬ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ደህና ነበር። አንድ ሞተረኛ ነበር፤ ይተርፋል» አለችና ለእራት ቀረበች።

እንዳየኋት አልነገርኳትም። ሁለቴ ጨመርኩላት።